መንገደኛ ሳይገባ ቤት አይጠረግም

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ከጣሊያን ጀርመን የሚወስደውን መንገድ በቃሌ አውቀው ነበር፤ ከዲላ ወጣ ብላ ወዳለችው ጪጩ ግን ብቻዬን ሄጄ አላውቅም። ቦልዛኖ፣ ብሬነር፣ ኢንስብሩክ፣ ሙኒክ፣ ኑረምበርግ፣ ቩርዝቡርግ፣ ፉልዳ፣ ካሰል። ዛሬ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ደንበኛ ሲጠፋ ከንፈሬ ሳላዘው ይጀምራቸዋል። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ዚክር የማደርግ ስለሚመስላት እስክጨርስ አታናግረኝም።

መንገዱን ያስጠናኝ አባቴ ነው። አባቴ ባህሩዲን ከስልጤ ወጥቶ ዲላ የከተመ ሾፌር ነበር። ሃያ ዓመት በሞያሌ መስመር ላይ የሰው መኪና ነድቶ፣ በመጨረሻ የራሱን አይሱዙ ይዞ ከፍስሐ ገነት ቡና ማመላለስ የጀመረ ሰው ነው። አገር የሚያውቀው በዳገቱ፣ በቁልቁለቱና በኬላው ነበር። ስለ ኬላ ደግሞ የራሱ ትምህርት ነበረው። «ኬላ እውነት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ቃል አለ። ያንን ትሰጠዋለህ፣ ገመዱን ያወርድልሃል፣ ታልፋለህ» ይላል። እኛ ልጆቹ ከፊደል እኩል ነው የሰማነው።

ያን ክረምት ኢድ ካለፈ ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። ቡና የሚጫንበት ወቅት ስላልነበረ አይሱዙዋ ግቢያችን ውስጥ ጭቃ ላይ ቆማ ትውላለች። አንድ ከሰዓት በኋላ አባዬ ከጋቢናው ውስጥ ጠራኝ።

«ሒባ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘሽ ነይ። የእንግሊዝኛውን ደብተር።»

ስወጣ መምህር ተክለጻድቅ ከጎኑ ተቀምጧል። ጎረቤታችን ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ጉልበቱ ላይ ትልቅ አትላስ ዘርግቷል። እኔን መሀላቸው፣ ማርሹ አጠገብ አስቀመጡኝ። ጋቢናው ናፍጣና የረጠበ ሸራ ይሸታል፤ መስተዋቱ በትንፋሻችን ደፍርሶ ቤታችን እንኳ አይታይም። አባዬ መስኮቱን እስከ ላይ ጠምዝዞ ዘጋው።

«ለእናትሽ አትነግሪም» አለኝ። «ሁሉም ሲያልቅ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። ገባሽ?»

ገባኝ እንጂ። ለኢድ ቀሚስ የገዛላት ጊዜም እንደዚሁ ነበር የደበቅናት። ምስጢር የሚጣለው ትልቅ ሰው ላይ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

መምህር አባዬን አየት አደረገና፣ «ዘከርያ ወደ ሙሉካ ሊሄድ ነው» አለኝ። «ከዚህች ከተማ እስከዚህች፣ በመኪና። የከተሞቹን ስም ጻፊልን፤ የአንቺ ጽሑፍ ያምራል።»

ዘከርያ ወንድሜ ነው፤ ሙሉካ የሁላችንም ታላቅ። ሙሉካ አረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ሄዳ፣ አሠሪዎቿ ለሕክምና ጀርመን ሲመጡ አብራ መጥታ፣ እዚያው ከእጃቸው ጠፍታ የቀረች ናት። ካሰል በምትባል ከተማ ወረቀቷን ትጠብቃለች፤ ወረቀቱ እስኪመጣ ድንበር መሻገር አትችልም። ዘከርያ ደግሞ ከዚያ ክረምት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው የወጣው። በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በባሕር አድርጎ ጣሊያን ገባ። ሐሳቡ ሁሉ እህቱ ጋ መድረስ ነበር።

የወጣበትን ቀን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነው የሚጀምረው። በእኛ ዘንድ መንገደኛ ሲወጣ ቤት አይጠረግም፤ ዱካውን ጠርጎ እንደ መጣል ነው። ሌላው ሰው ለዚያው ቀን ነው የሚጠነቀቀው። እናቴ ሱራያ ግን የሾፌር ሚስት ናትና ነገሩን አጥብቃ ይዛዋለች። አባዬ ሞያሌ ከሄደ «ገባሁ» ብሎ እስኪደውል፣ ወይም ተመልሶ በራችን ላይ ክላክሱን እስኪያሰማ፣ መጥረጊያ አትነካም። ዘከርያ ግን «ጪጩ ደርሼ እመጣለሁ» ብሏት ወጣ። ጪጩ ደግሞ መንገድ አይባልም። ቤቷን ጥርግ አድርጋ ጠረገች፤ ጥራጊውን ከግቢ ውጪ ደፋችው። ከቀናት በኋላ ከመተማ ሲደውልላት ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ መሬት መሬቱን ነበር የምታየው። «ዱካውን በእጄ ጣልኩት» ትላለች።

ወደ ጋቢናው ልመለስ። መምህር ከኪሱ ክር አውጥቶ አትላሱ ላይ አጋደመው፤ በየጠመዝማዛው በጥፍሩ እየያዘ ለካ። ከዚያ ስልኩን አየ።

«ሰባት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል።»

«ከሞያሌ አዲስ አበባ ነዋ» አለ አባዬ። «የእኔው መንገድ ነው በለኛ።»

ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። አትላሱን ወደ ራሱ ስቦ በወፍራም ጣቱ መንገዱን ይከተል ጀመር። ከላቲን ፊደል ጋር ስለማይተዋወቅ እያንዳንዱን ከተማ በራሱ መስመር ስም ጠራው። ቦልዛኖ ሞያሌ ሆነች። ብሬነር ሜጋ፣ ሙኒክ ሀገረ ማርያም። ኑረምበርግ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይቺ ዲላ ናት» አለ። «እዚህ ይደር።»

«ማደር አያስፈልገውም እኮ ባህሩዲን። አስፋልት ነው፤ በአንድ ቀን ይገባል።»

«ዲላ ይደር አልኩህ መምህር።»

መምህር አልተከራከረም። እኔም ጻፍኩ፦ ኑረምበርግ፣ ዲላ ማለት ነው፣ ማደሪያ።

«ብሬነር ዳገቱ ምን ያህል ነው?»

«ሺህ ሦስት መቶ ሰባ ሜትር ይላል።»

«ከዲላ ዝቅ ይላላ። ይሄን ነው ዳገት የሚሉት? ቡሌን ባዩ!» ብሎ ሳቀ። ያን ክረምት ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ወዲያው ግን ሳቁን ዋጠና ወደ ደብተሬ ጠቆመኝ። «ቁልቁለቱን በፍሬን አይውረድ ብለሽ ጻፊ። በማርሽ ይውረድ፣ ቀስ ብሎ። ልጄን እንዳያንገላታው።»

ዘከርያ ቡሌ በሄድን ቁጥር መኪና ላይ ያስመልሰው ነበር። ለዚያ ነው ብዬ በፊደሌ አሳምሬ ጻፍኩት።

ሙሉካ በዚያው ደወለች። አባዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ከመሪው ፊት አኖረው። ጉንፋን የያዛት ይመስላል ድምጿ።

«አባዬ፣ መኪናው ተገኝቷል። ማቀዝቀዣ ያለው ነው።»

«ሾፌሩ ብቻውን ነው?»

«ብቻውን ነው አሉኝ።»

«አይሆንም። አንድ ሰው አጠገቡ ይሂድ። የኛ ሰው። ያሲን የሚቀራለት። ልጄ ያን ሁሉ መንገድ ከማያውቀው ሰው ጋር ብቻውን አይሄድም፤ ሰማሽ ሙሉካ?»

«እሺ አባዬ። ወረቀቱ ካለቀ ሐሙስ ይነሳል።»

«ዕቃውስ?»

«ስልኩና አንድ ጃኬት ብቻ ነው ያለው አሉኝ።»

እኔ ልቤ በቅናት ሊፈነዳ ነው። ማቀዝቀዣ ባለው መኪና፣ ተራራ ተሻግሮ፣ ሦስት አገር አይቶ፣ ሻንጣ እንኳ ሳይሸከም። አባዬ መንገድ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ የቁርአን ካሴት ስለሚከፍት ያሲኑም አልደነቀኝም። እኔንም ቢወስደኝ ብዬ ተመኘሁ።

አሁን ልናገረው። ያን ከሰዓት ዘከርያ ከሞተ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ከቦልዛኖ በላይ ባለው መስመር ዕቃ የጫነ ባቡር ላይ ወጥቶ ወደ እህቱ ሊሻገር ሲል ከባቡሩ በላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ያዘው። ጋቢናው ውስጥ ሁለቱ ሰዎች የሬሳ መንገድ ነበር የሚያቅዱት። እኔ ነኝ በቆንጆ ጽሑፌ የገለበጥኩላቸው።

በእኛ አገር ለእናት መርዶ በድንገት አይነገርም። ሽማግሌ ተማክሮ፣ ቀን ቆርጦ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ይገባል። እስከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አንድ ሰው ብቻ አያውቅም። አባዬ ሽማግሌዎቹን ትንሽ ቆዩኝ ብሎ ለምኗቸው ነበር። «ሱራያ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ የት አረፈ ብላ ነው፤ መልሱን ሳልይዝ ፊቷ አልቆምም» አለ። ወደ ዲላ ማምጣት ከአቅማችን በላይ ሆነ። ካሰል ግን ሙሉካ የሙስሊም መቃብር ቦታ አግኝታ ነበር። እሷ ወደ እሱ መሄድ ስለማትችል እሱ ወደ እሷ ይምጣ ተባለ። ለአባቴ የቀረው ተስፋ ያ ብቻ ነበር፤ ልጁ እህቱ አጠገብ እንዲያርፍ። ሬሳ አመላላሹ የእኛን የከተሞች ስም ዝርዝር እንደማይፈልገው መምህር ያውቃል። አባቴም የሚያውቅ ይመስለኛል። ግን መንገድ ማቀድ ነበር የሚችለው፤ እሱኑ አቀደ።

ምስጢሩን የጠበቅኩት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በማግስቱ እማዬ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ማድ ቤቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ዘከርያ ጋ አሁንም አሁንም ትደውላለች፤ አይነሳም። መጥረጊያው ከጎኗ ተጋድሟል፤ ለመጥረግ ተነስታ መሀል ላይ የተወችው ነው።

«ተቀይሞኝ ነው» አለችኝ ሳታየኝ። «ባለፈው ጸጉርህን ተቆረጥ፣ ዱርዬ መሰልክ ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። በሰው አገር ያለ ልጅ እንዲህ ይባላል? ምን ዓይነት እናት ነኝ?»

ዓይኗ ሞላ። እማዬ ስታለቅስ ማየት አልወድም ነበር። መድኃኒቱ ደግሞ እጄ ላይ አለ።

«አልተቀየመሽም እማዬ። መንገድ ሊሄድ ስለሆነ ነው። ሐሙስ ሙሉካ ጋ ሊሄድ ነው፣ በመኪና። አባዬና መምህር መንገዱን ሠርተውለታል። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ደብተሬን አምጥቼ ከቦልዛኖ እስከ ካሰል አነበብኩላት። ደግማ አስነበበችኝ። ሦስተኛው ላይ ሳቀች፤ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ሳቀች። ከዚያ ተነሳችና መጥረጊያውን አንስታ ግድግዳው ላይ ያለው ሚስማር ላይ ሰቀለችው።

«እስኪገባ ድረስ ማንም አይነካውም» አለች። «አሁንስ አልሞኝም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ይህን ተረት በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ያ መጥረጊያ ነው የሚታየኝ።

አባዬ መግሪብ ሰግዶ ሲገባ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ከኔ ደብቀህ ነው ልጄን መንገድ የምታስገባው?»

አባዬ አንድ እግሩን ደፉ ላይ እንዳደረገ ቀረ። እሷን አየ፣ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን መጥረጊያ አየ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየኝ። ዱላ ነበር የጠበቅኩት። እሱ ግን አልተቆጣም። አንድ ሰው ከሩቅ ስትጠራው ማን እንደጠራው ለማወቅ እንደሚያደርገው ነበር ያየኝ።

«ሐሙስ ነው» አለ። «ወረቀት ካለቀ ሐሙስ ይነሳል።»

«እስቲ ቁጭ በልና መንገዱን ንገረኝ። ይቺ ልጅ ስሙን ብቻ ነው የምታወርድልኝ።»

ቁጭ አለና ነገራት። መጀመሪያ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ሙኒክን ካለፈ በኋላ ግን የሾፌር ድምፁ ተመለሰለት። የት እንደሚጠብ፣ የት ነዳጅ እንደሚቀዳ፣ ሾፌሩ የት ወርዶ እግሩን እንደሚያፍታታ፣ አንድ በአንድ። አገሩን አንድም ቀን ያየው ሰው አልነበረም፤ ግን ስሰማው ያየው ይመስላል።

«ኑረምበርግ ያድራል። እኛ ዲላ ብለናታል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ስለሆነች» አላት።

«ራት ምን ይበላል?»

«ኑረምበርግ እኮ ናት ሱራያ።»

«አውቃለሁ። ዲላ ካላችኋት ምን ይበላል ነው የምልህ።»

አባዬ እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል አስገባ። «ሰው ቤት ነው የሚያድረው» አለ። «ያበሉታል።»

እማዬ ረካች። እኔም ረካሁ። ለዘከርያ ገንፎ ቢያቀርቡለት እንደማይበላ ይወቁ ብዬ ደብተሬ ላይ ጨመርኩበት።

ሐሙስ መጣ፣ ሄደ። አርብም። «ወረቀት ነው የያዘው» ይላል አባዬ። ዝናቡ አላቋርጥ አለ። የዲላ ቀይ ጭቃ በጫማችን እየገባ ወለሉ ላይ ይደርቃል፣ ይፈረፈራል፣ ደግሞ ይረጥባል። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የዶሮ ላባ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ አልጋ ሥር ተጠራቀመ። እናቴ አንድ ቅጠል መሬት ላይ ካየች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት፤ ያን ሰሞን ግን በቆሻሻው መሀል እየተራመደች ትዘፍናለች። ጸጉሯን ሒና ተቀባች። ልጇ በመንገድ ላይ ነው፤ ዱካው ቤት ውስጥ በደህና ተቀምጧል።

ወርቂቱ ቆጮ ይዛ መጣች። ከቡሌ የወረደች የጌዴኦ ሴት ናት፤ በራችን ላይ ቆጮ ስትሸጥ ከእናቴ ጋር እንደ እህት ሆነዋል። አማርኛዋ ወንዱንም ሴቱንም አንድ ያደርገዋል። እማዬ እጇን ይዛ አስገባቻትና ነገረቻት።

«ዘከርያ መንገድ ላይ ነው ወርቂቱ። እህቱ ጋ ሊገባልኝ ነው።»

ወርቂቱ ወለሉን አየችው። «ልጅ መንገድ ላይ ናት?» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ምን ሆንሽ?»

«ጥርሴ ነው ሱራያ። ጥርሴ ነው፣ ቆይ።»

እማዬ ቅርንፉድ ፈልጋ ሰጠቻት። ወርቂቱ ቅርንፉዱን ጥርሷ ላይ ነክሳ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እናቴ ስለ ጀርመን የምታወራላትን እስከ መጨረሻ ቁጭ ብላ ሰማቻት። ሲያማት እንኳ የማትሄድ ጥሩ ጎረቤት ናት ብዬ ነበር ያኔ። ጥሩ ጎረቤት መሆኗስ እውነት ነው።

ሰኞ ዕለት ከሰዓት ሙሉካ ደወለች። አባዬና መምህር ጋቢናው ውስጥ ነበሩ፤ እኔም ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። አሁን ባለሥራ ነኝ፤ ማንም አይከለክለኝም።

«እምቢ አሉ አባዬ» አለች ሙሉካ።

«ማን ነው እምቢ ያለው?»

«ጽሕፈት ቤቱ። እኛ የምናውቀው ሰው ሙሐሲን ይባላል፣ ኤርትራዊ ነው፣ ወላጆቹም በሕይወት የሉም ብሎ አስመዝግቧል፤ አንቺ በምን እህቱ ሆንሽ አሉኝ። ፎቶ ላክሁላቸው። የልጅነታችንን ሁሉ ላክሁላቸው። ፎቶ ማስረጃ አይደለም አሉ።» ልቅሶ አቋረጣት። «ጨርሰውታል አባዬ። እዚያው ቦልዛኖ አድርገውታል። አርብ ዕለት።»

እኔ የሰማሁት ሙሐሲን የሚባል አንድ ሰው እንዳለና ጠቡ ከእሱ ጋር እንደሆነ ነው። የኛ ዘከርያ ነው፤ ሙሐሲን አይደለም። እንግዲያው ችግሩ የእኛ አይደለም ብዬ ደስ አለኝ፤ ለአባዬም ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር።

«ስሙን እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለ አባዬ።

መምህር ትከሻውን ያዘው። «ተው ባህሩዲን።»

«እኔ ነኝ መምህር። ከመርከብ እንደወረደ ደወለልኝ። አባዬ ምን ልበላቸው አለኝ። ኬላ ነው፣ የሚፈልጉትን ቃል ስጣቸውና እለፍ አልኩት። የት ታልፋለህ አላልኩትም።»

ግንባሩን መሪው ላይ ጣለው። ክላክሱ ጮኸ። ረጅም ነበር፤ መምህር እስኪያነሳው ድረስ ግቢውን ሞላው።

በእኛ ቤት ክላክስ ማለት መንገደኛ ገባ ማለት ነው። እማዬ እጇ ሊጥ እንደሆነ፣ በባዶ እግሯ፣ በዝናቡ ውስጥ ሮጣ መጣች። የጋቢናውን በር ከፈተችው።

«ገባ?»

አባዬ ቀና ብሎ አያት። ውሃው በግንባሯ ይወርዳል፤ ፊቷ በርቷል። እንደዚያ በርቶ ዳግመኛ አላየሁትም። አባዬ ገመድ ፊት እንደቆመ ሾፌር ነበር የሚመስለው።

«ገባ» አላት።

እማዬ እዚያው ጭቃው ላይ ሱጁድ ወረደች። ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው። ወደ ቤት ሮጣ ገባችና መጥረጊያውን ከሚስማሩ አወረደች። የሳምንት ጭቃ ነበርና ቀላል አልነበረም። አልጋውን አንስታ ጠረገች፣ ሳጥኑን ገፍታ ጠረገች፣ ከበሩ ኋላ ያለውን ሳይቀር። ጥራጊውን በሁለት ጆንያ ሞልታ እኔና እሷ ተሸክመን ከግቢ ውጪ ቦዩ ውስጥ ደፋነው። ዝናቡ ወዲያው ወሰደው። ደብተሬ ላይ ከካሰል ጎን «ገባ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከነቀኑ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ሦስት ወንዶች፣ መምህር ተክለጻድቅና ወርቂቱ። ቤቱ ንጹሕ ስለነበር ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። በዚያ ሰዓት ሰው ለምን እንደሚመጣ እማዬ ለመረዳት ቃል አላስፈለጋትም። መጀመሪያ አልጮኸችም። አባዬን ነበር የምታየው።

«ገባ ብለኸኝ ነበር።»

«ገብቷል ሱራያ። ሙሉካ ጋ ነው ያለው። እሷ ናት አፈር ያለበሰችው።»

«አጠገቧ ነው?»

«አጠገቧ ነው።»

ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ግራ ገብቶኛል። ከገባ ለምን ይለቀሳል? ስንት ኬላ አልፎ፣ ዲላ አድሮ፣ በማርሽ ቀስ ብሎ ወርዶ፣ ገብቶ የለ እንዴ? ደብተሬ ላይ አለ። ማንም እንዲያይልኝ ስለፈለግኩ ደብተሬን ከፍቼ ከአንዱ ለቀስተኛ ወደ ሌላው ስዞር ወርቂቱ ይዛኝ ወጣች።

እውነቱን የነገረችኝ ሙሉካ ናት፣ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ። ያን ዓመት ወረቀቷ ወጥቶላት በአውቶቡስ ቦልዛኖ ሄዳ ነበር። አባዬ ያቀደውን መንገድ ገልብጣ ነው የሄደችው፤ ከካሰል ብሬነር ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም አለች። መቃብሩ ላይ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት እንጨት አገኘች። ስሙን ልታስለውጥ ጠየቀች፤ አልሆነላትም። ለእማዬ በየኢዱ የምትልከው የመቃብር ፎቶ ካሰል ያለ ነው፤ ማን እንደሆነ የማታውቀው፣ ጠያቂ የሌለው ሰው መቃብር ነው። አረሙን እየነቀለች፣ አበባ እየተከለች ታነሳዋለች። እማዬ ፎቶውን ስልኳ ላይ በጣቷ እያሰፋች ሣሩ እንደተቆረጠ ታያለች።

አባዬ ከሁለት ዓመት በፊት አለፈ። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ መኪና ሲነዳ ክላክስ ነክቶ አያውቅም፤ ከብት መንገድ ሲዘጋበት እንኳ ቆሞ ይጠብቃል። ለእማዬ አልነገራትም። እኔና ሙሉካም አልነገርናትም። ለመናገር ያሰብኩበት ቀን ነበር፤ ግን ሁልጊዜ አንዲት ነገር አፌን ትይዘኛለች። እማዬ ስለ ዘከርያ ሳትጠየቅ የምታነሳት አንዲት ማጽናኛ አለቻት። «የመጀመሪያውን መንገዱን ሳላውቅ ጠረግሁበት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ሁለተኛውን ግን ጠብቄዋለሁ። ገብቶ ነው የጠረግኩት» ትላለች። ሌላ የያዘችው ነገር የለም።

ባለፈው ሳምንት ሙሉካ በእኔ ስልክ ደወለች፤ በእኔ ስልክ ከደወለች ለእማዬ የማይነገር ነገር አለ ማለት ነው። እንጨቱ ያለበት ቦታ አሥር ዓመት ሞልቶታል፤ እዚያ አሥር ዓመት ሲሞላ አፈሩ ይገለበጣል፣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ብለዋት ነበር። አጥንቱን የሚረከብ ዘመድ ካለ ይቅረብ ይላል ማስታወቂያው። የሙሐሲን ዘመድ። «ሄጄ ነበር» አለች፤ «ከአሥር ዓመት በፊት የጠየቁኝን ማስረጃ መልሰው ጠየቁኝ። አሁን አጥንቱ የት እንደሚደርስ አላውቅም» አለች። ከዚያ ሥራ ልትገባ ስለነበር ዘጋችው።

እማዬ ደጃፍ ላይ የሽሮ አተር ትለቅማለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ጠጠሩን በእጇ ነው የምትፈልገው።

«ሙሉካ ናት? ምን አለች?»

«ሰላም ብላሻለች። ደህና ናት።»

«እሱስ ጋ ሄዳ ነበር?»

«ሄዳ ነበር።»

አንድ እፍኝ አተር ወደ ሰፌዱ ጨመረች። መጥረጊያው ከጀርባዋ፣ ያው ሚስማሩ ላይ ነው። ቀና ብላ እኔ ወዳለሁበት አየች።

«አየሽ ሒባ» አለች፣ «ሁለተኛውን እንኳ ገብቶ ነው የጠረግኩት። አይደለም?»

ጋቢናው ውስጥ አባዬ የነበረበት ቦታ ላይ እንደቆምኩ የገባኝ ያኔ ነው። እሷም የምትፈልገውን ቃል ከአፌ ትጠብቃለች።

«አዎ እማዬ» አልኳት። «ገብቶ ነው።»